የሚመለስ ውሃና የሚተኛ ውሃ

በጂንካ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር

የተሰጠኝ ርእስ ስለ ባሕር ዳርቻ አያያዝ እንድናገር የሚጠይቅ ነው። ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ጂንካ ላይ ባሕር ከየት አገኘህ?» አለኝ። አልተሳሳተም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የጨው ባሕር ዳርቻ የላትም። ጂንካም ብትሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአሪ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት።

ዛሬ ጠዋት ግን ነሪ ወንዝ ዳር ሄጄ ጥቂት ቆሜ ነበር። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፤ መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች አሉ፤ ከጭቃው ጋር የተቀላቀለ ፌስታል አለ። ያ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ማጎ ፓርክ ይወርዳል፤ ከማጎ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ኦሞ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኦሞራቴ በኩል አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። እንግዲህ ጂንካ ባሕር ባይኖራትም ዳርቻ አላት። ዳርቻዋ ከ1,100 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዳሰነች ወረዳ ላይ ነው።

ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የኦሞ አፍ፣ ማለትም ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ደለላማ አገር፣ ሁለት ዓይነት ውሃ ያውቃል። አንዱ መጥቶ የሚመለስ ነው፤ ሌላው መጥቶ የሚተኛ። የሚመለሰው እንጀራ ነው፤ የሚተኛው ስደት። እኛ ከላይ ሆነን ስናቅድ ሁለቱንም «ጎርፍ» በሚል አንድ ስም ስለምንጠራቸው፣ የመጀመሪያውን አጠፋንና ለሁለተኛው ሳንዘጋጅ ቀረን። ይህን ለማሳየት አስቀድሜ ስለ ዳርቻው ጠባይ፣ ቀጥዬ ስለ ሁለቱ ውሃዎች፣ ከዚያም ስለ ብክለት እናገራለሁ። አያያዙን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

ከዳርቻው ጠባይ ልጀምር። ቱርካና የጣናን እጥፍ ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። አብዛኛው አካሉ ኬንያ ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ የሚደርሰው የሰሜን ጫፉ ብቻ ነው። ነገር ግን ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከመቶ 90 የሚሆነውን የሚያመጣው የእኛው ኦሞ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። አፉ ለፀሐይ ክፍት ሆኖ ቀዳዳ የሌለው ጋን ማለት ነው። ፀሐይና ነፋስ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውሃ በትነው ይወስዱበታል፤ ኦሞ ደግሞ መልሶ ይሞላዋል። በሸዋ፣ በጅማና በከፋ ደጋ ዝናቡ ከበረታ ሐይቁ ይነሣል፤ ከሳሳ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ጸንቶ የሚቆም ዳር የለውም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የመቶ ዓመቱ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1888 የሃንጋሪው መኮንን ቴለኪና የኦስትሪያው ፎን ሆኔል ከደቡብ መጥተው ሐይቁን ሲያዩ፣ በዘውድ አልጋ ወራሻቸው ስም «ሩዶልፍ» አሉት። የአገሩ ሰው ስም ሳያወጣለት የቆየ ይመስል! በ1896 ደግሞ ጣሊያናዊው ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ እዚያው ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ አረጋገጠ። በዚያ ዘመን ሐይቁ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ15 ሜትር በላይ ወረደ። ይህን በዝርዝር ያጠናው ካርል ቡትዘር የተባለ የመልክዐ ምድር ሊቅ ነው፤ በ1971 ስለ ኦሞ ደለል ያሳተመው መጽሐፍ አሁንም የሚጠቀስ ነው። በ1960ዎቹ ሐይቁ እንደገና ተነሣ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 10 ሜትር ያህል ወረደ። በዚያ ጊዜ ከሰማይ የተነሡ የሳተላይት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው፣ የኦሞ ደለል እንደ ወፍ እግር ጣቶቹን ዘርግቶ ወደ ደቡብ ሲሄድ፣ የኬንያን ድንበር ሲሻገር ታያላችሁ። ወሰኑ በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ ሲዋዋሉ ወረቀት ላይ ተሰምሮ ነበር፤ ደለሉ ግን ውሉን አላነበበም።

አገሩ ሜዳ ነው። ሜዳነቱ እንዲህ ነው፤ ሐይቁ ከፍታው በአንድ ሜትር ቢጨምር፣ የውሃው ጠርዝ ኪሎ ሜትሮችን ይራመዳል። ቢወርድም እንደዚያው፣ ትናንት ዓሣ የተያዘበት ቦታ ዛሬ የከብት ግጦሽ ይሆናል። ፎገራና ደንቢያ ላይ ጣና ሲሸሽ ለሚተወው መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» የሚል ስም አለው። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ መሬቱ የባሕሩ ነው፣ ባሕሩ ለጊዜው ሸሽቷል፣ ሊመለስም ይችላል ማለት ነው። የኦሞ አፍ ከዳር እስከ ዳር ባሕር ሸሽ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ ተማሪዎችን ስለሚያስደንቅ ነው። መውጫ በሌለው በዚህ ሐይቅ ውስጥ የዓባይ አዞና ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ ከየት መጡ? ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን ሐይቁ ከዛሬው 100 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሞልቶ ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስስ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር «ውሃ እዚህ ደርሶ አያውቅም» የሚል ሰው፣ ስለ ራሱ ዕድሜ ብቻ ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ ሁለቱ ውሃዎች ልሂድ። ዋናው ነገሬ ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው የሚመለሰው ነው። ክረምት በደጋ ሲገባ ኦሞ ይሞላል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ከዳሩ ይወጣል። ሙሌቱ ሲመለስ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካሮ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዌጉ የተባሉት ሕዝቦች በዚያ እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። ማዳበሪያ የለም፤ በሬም የለም፤ ሞተርም የለም። ዝናብ እንኳ አይጠበቅም፤ መሬቱ የጠጣው ውሃ እስከ አዝመራ ያደርሰዋል። ውሃው ያረሰረሰው ሌላው ሜዳም ከብት በበጋ የሚወርድበት ሣር ያበቅላል። ይህ ሕዝብ ጎርፍን ሲጠብቅ ኖሯል። ሙሌት ያልመጣበት ዓመት ለእነርሱ እንደ ድርቅ ነው።

ሙሌት ልኩን ያለፈበት ዓመትም አለ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የሆነውን ከእናንተ መካከል የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ወሩ ሊገባ ሲል ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መታት፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ ኦሞ ዳሰነችን አጥለቀለቀ። የሞቱት ሰዎች 364 ናቸው ተብሎ ተመዘገበ። በሺህ የሚቆጠር ከብት አለቀ። ሰው ደሴት በሆነ ጉብታ ላይ ተከብቦ በጀልባና በሄሊኮፕተር እስኪወጣ ጠበቀ። ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ደቻቱ ደራሽ ነው፤ ደጋው ላይ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ከተማ ውስጥ ነው። ኦሞ ግን 760 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ወንዝ ነው። ያ ውሃ ዳሰነች ለመድረስ ቀናት ፈጅቶበታል። ዝናቡን ያዩት ሰዎች ከላይ ነበሩ፤ የሞቱት ከታች ናቸው። በመካከላቸው የጎደለው ወሬ ነበር።

ቀጥሎ በኦሞ ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ መጣ። ውሃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ነው። 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል፣ 14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍ ውሃ። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። ይህ አዳራሽ መብራት አለው፤ እኔም የምናገረው በድምፅ ማጉያ ነው። መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ማታ ማታ በኩራዝ ያጠና ሰው አይደለም። ግድቡ የ1998ቱን ዓይነት ጎርፍ ይገታል ተብሎም ነበር፤ ድንገተኛውን ማዕበል መስበር በእርግጥ ይችላል። የግድብ ጠባይ ግን የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ማከፋፈል ነው። ተርባይን ዓመቱን ሙሉ እኩል ውሃ ነው የሚፈልገው። ለሞተሩ የሚስማማው ይህ እኩልነት ለማሽላው አይስማማውም፤ ማሽላው የሚፈልገው ሞልቶ የሚመለስ ውሃ ነው።

ይህን የግድቡ የአካባቢ ጥናት ራሱ ያውቀው ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ለዐሥር ቀናት ያህል ሆን ተብሎ ውሃ ይለቀቃል፣ ሰው ሠራሽ ሙሌት ይሆናል ተብሎ ተጻፈ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ግን ያን ሙሌት እንደ ቀድሞው አላገኘውም። ከግድቡ በታች ደግሞ የኩራዝ ስኳር ልማት ቦዮች ከወንዙ ይቀዳሉ። በሙሌቱ ምትክ ለወንዝ ዳሩ ሰው የመስኖ ሞተር ተሰጠ። ሞተር ነዳጅ ይፈልጋል፤ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ጠጋኝ ይፈልጋል። ሙሌት ግን ተበላሽቶ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ የብዙዎቻችን ፍርሃት አንድ ነበር፤ ሐይቁ ይደርቃል የሚል። ግድቡ ሲሞላ ሐይቁ በእርግጥ ወረደ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካናን ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። እኔም ከፈሩት አንዱ ነበርሁ፤ በየስብሰባው ስለ መድረቅ ተናግሬያለሁ። ሳልጨርስ ውሃው ተነሣ።

እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ዝናቡ በረታ። የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። ባሪንጎ፣ ናይቫሻ፣ ቪክቶሪያ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ሐይቆች ተነሡ። ቱርካናም ተነሣ፤ ተነሥቶም አልተመለሰም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ጥናት፣ ከመድረቅ ይልቅ ወደፊት የሚያሰጋው ተደጋጋሚ ሙላት ነው አለ። በዳሰነች ወረዳ ቀበሌዎች አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ገቡ። ግጦሹ ሰጠመ፤ ጎጆዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ኬላዎች ተዋጡ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ኦሞራቴ ከተማ ራሷ ሰግታ በአፈር ክምር መከላከል ተጀመረ።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። ያው ሰው ለማሽላው ሙሌት አጥቶ፣ ለቤቱ ውሃ በዝቶበታል። ዳሰነች ያጣው ውሃና ያገኘው ውሃ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሚመለሰው ሄደ፤ የሚተኛው መጣ።

የሚተኛው ውሃ ሌላም ክፋት አለው። አባቶች «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። የ1998ቱ ውሃ አላሳሳቀም፤ ቀን ነበረው፤ በዜና ተነገረ፤ ሄሊኮፕተር ተነሣ። የአሁኑ ግን በእርግጥ እያሳሳቀ ነው። ዛሬ ከግቢው አጥር ሃምሳ እርምጃ ይርቃል፤ በወሩ አጥሩ ሥር ነው፤ ከዚያ ቤቱ ውስጥ ነው። የትኛው ቀን «የአደጋው ቀን» ይባል? የእርዳታ ሥርዓታችን የተበጀው ቀን ላለው አደጋ ነው። ቅጹ ላይ «አደጋው የደረሰበት ቀን» የሚል ባዶ ቦታ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ መንደሩን ያጣ ሰው እዚያ ምን ይሞላል? ዓለም ስለ ዳሰነች ዘግይቶ የሰማው ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ብክለት ነው። ባጭሩ ልሂድበት፤ ሥሩ ከዚህ በፊት ከተናገርሁት ስለሚበቅል ነው።

ቀዳዳ የሌለው ጋን ብያለሁ። ፀሐይ ከሐይቁ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨዉን፣ ማዳበሪያውን፣ ፀረ ተባዩን፣ ላስቲኩን ትታው ትሄዳለች። ቱርካና ከዱሮም ጨዋማ ነው። ወንዝ ወደ ውቅያኖስ በሚፈስስበት አገር ብክለት ቢያንስ ይርቃል። እዚህ የገባ ነገር ሁሉ እዚሁ ይከማቻል። የአራል ሐይቅን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በመካከለኛው እስያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወንዞቹ ለጥጥ እርሻ ሲጠለፉ አብዛኛው የሐይቁ ክፍል ደረቀ፤ ከጥጡ የታጠበው መርዝ ከጨዉ ጋር አቧራ ሆኖ በሰው ሳንባ ውስጥ ገባ። እኛ ግን ከአራል የቀረበ ምሳሌ አለን፤ መተሐራ ላይ ያለው በሰቃ ሐይቅ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዙሪያው የስኳርና የጥጥ መስኖ ተስፋፋ፤ የመስኖው ትርፍ ውሃ ከመሬት በታች እየሰረገ ገባበት፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገድና የባቡር ሐዲድ ተፈታተነ። ውሃው ጨዋማ ነው፤ እንዳይሞላ በቦይ ወደ አዋሽ ሲለቀቅ ደግሞ የታችኞቹን ያማርራል። አዲስ አበባና ጅቡቲ መካከል በመኪና የሄደ ሁሉ ያየዋል፤ ሆኖም በኦሞ ሸለቆ የሸንኮራ መሬት ሲመነጠር በሰቃን የጠቀሰ ንግግር አልሰማሁም።

ይህ ትልቁ ብክለት ነው። ብክለት ስንል ግን ዓይናችን ሁልጊዜ ፋብሪካ ላይ ነው። በኦሞ አፍ የመጀመሪያው ብክለት በቢጫ ጄሪካን ውስጥ ነው ያለው። ሰው የሚጠጣው ወንዙን ነው። የተኛ ውሃ መጸዳጃውን፣ የከብት በረቱን፣ የቀብሩን ቦታ፣ የጉድጓድ ውሃውን አንድ አድርጎ ያገናኛቸዋል። ወባውም እዚያው ይፈለፈላል። ውሃ በሸሸበት ቦታ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ግጦሹን ቀድሞ ይይዛል፤ አፋር ላይ ያደረገውን ሁላችን እናውቃለን። ከብት ያለቀበት ሰው ወደ ዓሣ ይወርዳል፤ ዓሣ አጥማጅ ሲበዛ በኬንያ በኩል ካሉት የቱርካና ሰዎች ጋር በአንድ መረብ ቦታ ይጋፋል፤ ከዚያ ጥይት ይመጣል። ይህን ሁሉ በአንድ የጤና ወይም የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ በየቢሮው ተበታትኖ ነው ያለው።

የጂንካስ ድርሻ? ከግድብና ከስኳር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ግን ነጻ አያደርገንም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ሕግ አጽድቋል። ሕጉ ገበያ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ነሪ ግን እየጠበቀ አይደለም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከዳሩ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይወርዳል። ከተማዋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ከሆነች ወዲህ እያደገች ነው፤ የቆሻሻ መጣያዋ ከወንዙ የሚርቅበት ቦታ አሁን ካልተመረጠ በኋላ ቤት ይሠራበታል።

አሁን ወደ አያያዙ መጣሁ። ሰዎች ከእንግዳ ተናጋሪ የሚጠብቁት «ግድብ ይሠራ» ወይም «ሰው ይነሣ» የሚል ነው። ሁለቱንም ብቻቸውን አልደግፋቸውም።

የአፈር መከላከያ ከተማን ሊያድን ይችላል፤ ኦሞራቴ መዳን አለባት። ነገር ግን መከላከያ ውሃን አያጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ይልከዋል። የኔዘርላንድ ሰዎች በዓለም ላይ ከማንም በላይ ከውሃ ጋር በክምር የታገሉ ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993ና በ1995 ወንዞቻቸው ሲሞሉ፣ በሁለተኛው ጊዜ ሩብ ሚሊዮን ሰው ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ክምሩን ከፍ ማድረግ ብቻ አልነበረም፤ ከ30 በሚበልጡ ቦታዎች ክምሩን ወደ ኋላ ስበው፣ ቦዩን አስፍተው ለወንዙ መተኛ ቦታ ሰጡት። ሀብታምና ጠባብ አገር ይህን ካደረገ፣ ሰፊውና ድኻው አገር ወንዝ ዳር ቋሚ ግንባታ የሚሠራበት ምክንያት ምንድነው?

ስለዚህ በመጀመሪያ የምለው ይህ ነው። የኦሞ ዳርቻ መስመር ሳይሆን መቀነት ነው፤ ከዝቅተኛው የውሃ ልክ እስከ ከፍተኛው ያለው ሰፊ መቀነት። በመቀነቱ ውስጥ ይዘራ፣ ከብት ይጋጥ፣ ዓሣ ይጠመድ፤ የብሎኬት ትምህርት ቤት ግን አይሠራ። ከብትን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ጎጆውን በአንድ ቀን ነቅሎ የሚያነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በቀበሌ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ሲያሰፍረው ያንን ጥበብ ነው የወሰደበት። ሰፈራው ውሃ ለማቅረብና ለማስተማር ይመቻል፤ እውነት ነው። ቦታው የተመረጠው ግን ሐይቁ ዝቅ ባለበት ዘመን ነበር። የቡትዘር መጽሐፍ ቀድሞ ቢነበብ፣ ወይም አንድ ሽማግሌ ቢጠየቅ፣ አንዳንዱ ጤና ኬላ ዛሬ ውሃ ውስጥ ባልቆመ ነበር።

ሁለተኛው ወሬ ነው። የዛሬዋን ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ማዕበል መትቶ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥነው ባንዲራና የድምፅ ማጉያ ሰጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለ ብርቱ ማዕበል ሲመጣ የሞቱት ከ3,000 ትንሽ የሚበልጡ ናቸው። 3,000 ሰው ቀላል አይደለም፤ ልዩነቱን ግን እዩት። አገሪቱ በዚያ መካከል ሀብታም አልሆነችም፤ ወሬ የሚደርስበትን መንገድ ግን ጠረገች። ኦሞ ላይ ውሃው ቀናት ይወስድበታል ብያችኋለሁ። ግድቡ ላይ ውሃ ሊለቀቅ ሲወሰን፣ ያ ውሳኔ በዳሰነችኛ፣ በኛንጋቶምኛ፣ በካሮኛ በዚያው ቀን ወንዝ ዳር መድረስ ይችላል። ሬዲዮ አለ፤ ስልክ አለ። የሚቀረው ይህ የማን ሥራ እንደሆነ በስም መጻፍ ነው።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ሙሌቱ ነው። ተረስቶ እንዳይቀር ደጋግመን ማንሣት ያለብን ይመስለኛል። ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ሙሌት መጠየቅ ቀልድ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ከሐይቁ ጠርዝ ራቅ ብሎ ወደ ላይ፣ ለካሮና ለሙርሲ፣ ለኛንጋቶምም ወንዝ ዳር፣ አሁንም የሚፈለገው ሞልቶ የሚመለስ ውሃ ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ የሚሠራው የኮይሻ ግድብ ሲያልቅ ደግሞ ወንዙን የሚይዙት በሮች ይበዛሉ። የበሮቹን አከፋፈት ሲወስኑ ኃይልን የሚያሰላ መሐንዲስ አለ፤ ስኳርን የሚያሰላ አለ። ማሽላን የሚያሰላ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እስካሁን ወንበር አላገኘም። ኬንያም እንደዚያው፤ ሐይቁ የጋራ ነው፤ የውሃው ልክ ግን የሚለካው ለየብቻ ነው።

ትንሽ የምትመስል ግን በዚህ ዓመት ልትሠራ የምትችል ሥራ ጠቁሜ ላቁም። የሲሚንቶ ምሰሶ ነው። በሜትር የተከፋፈለ፣ በቀይና በነጭ ቀለም የተቀባ ምሰሶ፤ አንዱ ነሪ ላይ፣ ሌሎቹ ኦሞራቴ ላይና እስከ ሐይቁ ድረስ በየመንደሩ። የትምህርት ቤት ልጆች በየጠዋቱ ቁጥሩን ያነብቡ፣ በደብተር ይጻፉ። በየምሰሶው ላይ የ1998ቱ ውሃ የደረሰበት ምልክት ይደረግ፤ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት ከፍታም ይደረግ። ከዚያ መስመር በታች ግንብ የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ ምሰሶው ሥር ቆሞ ቀና ይበል። ወጪው የአንድ ስብሰባ ውሎ አበል አይሞላም።

ምልክቱ በየትኛው ቁመት እንደሚደረግ የሚያውቁት ግን እኛ አይደለንም። ውሃው የት ደርሶ እንደነበር፣ የትኛው ጉብታ ሳይሰጥም እንደቀረ፣ ከብቱ በየት እንዳለፈ የሚያስታውሱት በዚያ ዳር የኖሩት ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በመጠለያ ውስጥ ናቸው፤ የእርዳታ ስንዴ ሲታደል ተመዝግበዋል፣ የሚያውቁትን ግን እስካሁን የመዘገበው የለም።